ወተትን ከልጃገረዶች ገበታ ስለ ማንሣት

ሰው የሚመገበው ምግብ ለጤናው መሠረት መሆኑን ማንም አይክደውም። ስለሆነም ሕመም በቤት ውስጥ በተገኘ ጊዜ አስቀድሞ ወደ ማዕድ መመልከት፥ ይህን ብሉ፥ ያንን ተዉ ማለት የቈየ ልማድ ነው። ልማዱም ብዙ ጊዜ ይጠቅማል። ዳሩ ግን ምክር በቅን ልቡና ስለ ተሰጠ ብቻ እውነት አይሆንም፤ ከየት እንደ ተነሣ፥ በምን ማስረጃ እንደ ቆመ፥ ቢፈጸምም ምን እንደሚያስገኝና ምን እንደሚያሳጣ ሊመረመር ይገባዋል።

በዛሬው ጽሑፋችን የምንመረምረው ምክር ይህ ነው፤ «ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለው ሕመም ያለባት ሴት ወተትንና ከወተት የሚገኘውን ምግብ ሁሉ ብትተው ሕመሙ ይለቃታል»። ልጇ በየወሩ በሥቃይ ስትንፈራገጥ የምታይ እናት ይህን ቃል ሰምታ የወተቱን ብርጭቆ ከልጅቱ ፊት ብታነሣ አይፈረድባትም። የእኛ አሳብ ግን የተለየ ነው። ወተትን መተው ለዚህ ሕመም መድኃኒት መሆኑ አልተረጋገጠም፤ በማደግ ላይ ካለች ልጃገረድ ገበታ ላይ ያለ ምትክ ማንሣት ግን ግልጥ ጉዳት አለው። ከሁሉም የሚከፋው፥ ቤተ ሰቡ የወተትን ነገር ሲመረምር ልጅቱ ወደ ሐኪም ሳትሄድ ዓመታት ማለፋቸው ነው።

በመጀመሪያ የሕመሙን ጠባይ በአጭሩ እንግለጥ። ኢንዶሜትሪዮሲስ ማለት የማሕፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ ሲበቅል የሚመጣ ሕመም ነው፤ የሚበቅለውም በእንቍላል ዕጢዎች ላይ፥ የሆድ ዕቃን በሚሸፍነው ስስ ገበር ላይ፥ አንዳንድ ጊዜም በአንጀትና በሽንት ፊኛ ላይ ነው። ይህ ሥጋ የሴትን ወርኃዊ ልማድ የሚያዝዙትን ሆርሞኖች ይከተላል፤ ያብጣል፥ ይቈጣል፥ በጊዜ ብዛትም ጠባሳ አውጥቶ የውስጥ አካላትን እርስ በርሳቸው ሊያጣብቅ ይችላል። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ሳምፕሰን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1927 ባወጣው ጽሑፍ፥ የወር አበባ ደም በከፊል ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ ሆድ ዕቃ በመፍሰሱ ሕመሙ እንደሚፈጠር አስረድቷል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቈጣጠር ናቸው።) ነገር ግን ይህ ወደ ኋላ መፍሰስ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ የሚደርስ ሲሆን፥ የሚታመሙት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ስለዚህ የሕመሙ ሙሉ ምክንያት እስከ ዛሬ አልታወቀም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፥ ለመውለድ በሚያበቃ ዕድሜ ካሉት ሴቶችና ልጃገረዶች ከመቶ 10 ያህሉ፥ ይኸውም በዓለም ዙሪያ 190 ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑት ይህ ሕመም አለባቸው። ምልክቶቹም ከትምህርትና ከሥራ የሚያስቀር የወር አበባ ሕመም፥ ከወር አበባ ውጭም የሚቈይ የታችኛው ሆድ ሥቃይ፥ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፥ በመጸዳዳትና በሽንት ጊዜ የሚሰማ ሕመም፥ በአንዳንዶቹም ላይ ልጅ ማጣት ናቸው።

አሁን ወተት ስለሚከሰስበት ነገር እንነጋገር። ከሳሾቹ የሚያቀርቡት ምክንያት በተለይ ሁለት ነው። አንደኛው፥ ወተት በሰውነት ውስጥ መቈጣትን ያበዛል የሚል ነው። በሰዎች ላይ የተደረጉት የምርመራ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ግን፥ የወተት ምግብ በአብዛኛው ሰው ላይ መቈጣትን አይጨምርም፤ እንዲያውም በመጠኑ የመቀነስ አዝማሚያ ታይቶበታል። ለላም ወተት አለርጂ ያለው ሰው ነገሩ ሌላ መሆኑ የታወቀ ነው። ሁለተኛው፥ በላም ወተት ውስጥ የሴትነት ሆርሞን ስላለ ሕመሙን ያፋፍማል የሚል ነው። በርግጥ በወተት ውስጥ ሆርሞን አለ፤ መጠኑ ግን የሴቲቱ የገዛ ሰውነቷ በየቀኑ ከሚያመነጨው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው።

ከዚህ የበለጠ ክብደት ያለው ማስረጃ ከአሜሪካ የተገኘው ነው። በዚያ አገር በ1989 ከ116,000 የሚበልጡ ሴት ነርሶች የተመዘገቡበት ታላቅ ጥናት ተጀምሮ፥ አመጋገባቸውና ሕመማቸው ለብዙ ዓመታት ተከታትሎ ተጽፏል። በ2013 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፥ በቀን ከ3 ጊዜ በላይ የወተት ምግብ የሚወስዱት ሴቶች፥ 2 ጊዜ ከሚወስዱት ይልቅ ኢንዶሜትሪዮሲስ የተገኘባቸው ከመቶ 18 እጅ ያነሱ ነበሩ። በ2020 ደግሞ፥ በልጃገረድነታቸው ዘመን በቀን ከ4 ጊዜ በላይ የወተት ምግብ ይወስዱ የነበሩት፥ 1 ጊዜ ወይም ከዚያ በታች ይወስዱ ከነበሩት ይልቅ ለሕመሙ የመጋለጣቸው ዕድል ከመቶ 32 እጅ አንሶ ተገኝቷል።

ከዚህ ተነሥተን ወተት ከሕመሙ ያድናል ብለን አንሰብክም። እንዲህ ያለው ጥናት የሁለት ነገሮችን አብሮ መገኘት ያሳያል እንጂ አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን አያረጋግጥም፤ ወተት የሚጠጡት ሴቶች በሌላም ነገር ከማይጠጡት ሊለዩ ይችላሉና። በተጨማሪም ሕመሙ ከመያዙ በፊት የተበላው ምግብና ሕመሙ ከያዘ በኋላ የሚበላው ምግብ ጥያቄያቸው አንድ አይደለም። ይሁን እንጂ ወተት የሕመሙ ሥር ቢሆን ኖሮ ብዙ የጠጡት ብዙ መታመም ነበረባቸው፤ የታየው ግን ተቃራኒው ነው። በ2022 የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ሐኪሞች ማኅበር ለሐኪሞች ያወጣው መመሪያም፥ ለዚህ ሕመም ተለይቶ የሚታዘዝ አንዳች የአመጋገብ ሥርዓት ለመደንገግ የሚበቃ ማስረጃ አለመኖሩን ገልጧል።

«ታዲያ ወተት ትቼ ተሻለኝ የምትለው ሴት ሐሰተኛ ናት ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በጭራሽ ሐሰተኛ አይደለችም። መሻሻሏ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። በወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። ሕፃናት ሁሉ ይህን ስኳር የሚፈጭ ቅመም በአንጀታቸው ሲኖራቸው፥ ካደጉ በኋላ ግን ከዓለም ሕዝብ ሦስት እጅ ሁለቱ ያህል ይህ ችሎታ ይቀንስበታል። ባልተፈጨውም ስኳር ምክንያት ሆድ ይነፋል፥ ይጮኻል፥ ይቈርጣል፥ ተቅማጥም ይከተላል። ኢንዶሜትሪዮሲስ ያለባት ሴት አንጀቷ ቀድሞውኑ የሚቈጣ ስለሚሆን፥ ይህ ሲጨመርበት ሁለቱን ሕመም መለየት ይቸግራታል። በ2017 ከኒው ዚላንድ የወጣ ጥናት፥ ላክቶስንና እርሱን የመሳሰሉትን በአንጀት ውስጥ የሚቦኩ ስኳሮች ለ4 ሳምንት እንዲቀንሱ የተደረጉትን የአንጀት ታማሚዎች ተመልክቶ ነበር፤ ኢንዶሜትሪዮሲስ ካለባቸው ከመቶ 72ቱ፥ ከሌለባቸው ደግሞ ከመቶ 49ኙ የአንጀታቸው ሕመም በእጅጉ ቀሎላቸዋል። ልብ ይባል፤ የቀለለው የአንጀት ሕመም ነው እንጂ ከማሕፀን ውጭ የበቀለው ሥጋ ጠፋ አልተባለም።

ሌላም ምክንያት አለ። በ2020 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት፥ ኢንዶሜትሪዮሲስ ላለባቸው ልጃገረዶችና ወጣት ሴቶች ለ6 ወር ቫይታሚን ዲ ሲሰጣቸው ሕመማቸው ቀለለ፤ ሆኖም መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን የተሰጣቸውም በዚያው መጠን ያህል ቀለላቸው። እንግዲህ ተስፋና ጥንቃቄ ብቻቸውን ሕመምን የማስታገሥ ኃይል አላቸው። ይህም የታማሚዋን ቃል እንድንንቅ ሳይሆን፥ የአንዲቱን ሴት ዕድል ለሁሉ ሕግ አድርገን እንዳናውጅ ያስጠነቅቀናል።

በዚህ ረገድ ለአገራችን ሴቶች ከሌላው ዓለም የቀረበ የመመልከቻ ዕድል አለ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት የምትጾም ሴት በዓቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ወተት፥ እርጎ፥ አይብና ቅቤ አትቀምስም። ስለዚህ ወተት ለሕመሟ ምክንያት ነው ብላ የምትጠረጥር ሁሉ፥ በጾሙ ወራት የወር አበባዋ ሕመም ከፍስኩ ወራት ቀሎ እንደ ነበረ ወይም እንዳልነበረ በደብተር ጽፋ ማነጻጸር ትችላለች። አንድ ዓመት የተጻፈ እንዲህ ያለ ማስታወሻ ለሐኪሙም ታላቅ ረዳት ነው።

ወተትን መተው የሚያስከትለውን ጉዳት ደግሞ እንመልከት። ከ9 እስከ 18 ዓመት ያለች ልጅ በቀን 1,300 ሚሊግራም፥ ከዚያ በላይ እስከ 50 ዓመት ያለች ሴት 1,000 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም እንድታገኝ ይመከራል። አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ 300 ሚሊግራም ገደማ ይሰጣል፤ ከዚህም ጋር 8 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ሰው በዕድሜው ሁሉ የሚኖርበት አጥንት አብዛኛው የሚገነባው እስከ 18ኛው ዓመት ገደማ ድረስ ነው፤ በዚያ ጊዜ የጐደለው ኋላ በቀላሉ አይሞላም። ለኢንዶሜትሪዮሲስ ከሚታዘዙት መድኃኒቶችም አንዳንዶቹ የአጥንትን ጥንካሬ የሚቀንሱ ናቸው። ለምሳሌ በየ3 ወሩ የሚወጋው የሆርሞን መርፌ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ እንዲህ ያደርጋል፤ መርፌው ሲቆም ግን አብዛኛው ይመለሳል። እንግዲህ ይህን መድኃኒት የምትወስድ ልጅ፥ ካልሲየም ከማንም ይልቅ በሚያስፈልጋት ጊዜ ወተቱን መከልከሏ የማይገባ ነገር ነው።

ሆዷን የሚያውካት ሴትስ ምን ታድርግ? አስቀድማ ወተትን ሁሉ በአንድነት አትኰንን። ላክቶስ የማይስማማቸው ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ እስከ አንድ ብርጭቆ ወተት፥ በተለይም ከምግብ ጋር ሲሆን፥ ያለ ችግር ይጠጣሉ። እርጎ በሚረጋበት ጊዜ ስኳሩ በከፊል ስለሚበላ ከወተት ይልቅ ለሆድ ይቀልላል። አይብም ስኳሩ በአጓቱ ስለሚወጣ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከካልሲየሙም ብዙው አብሮ በአጓቱ ይሄዳልና አይብ በዚህ ረገድ የእርጎ ምትክ ሊሆን አይችልም። ቅቤ ደግሞ ላክቶስም ካልሲየምም ከሞላ ጐደል የለበትም፤ ስለዚህ ሆድን በላክቶስ አያውክም፥ አጥንትንም አይገነባም።

ወተትን ፈጽማ ለምትተው ሴት ወይም ለምትጾም ሴት የአገራችን ምግብ ብዙ ምትክ አለው፤ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። ጎመን የመጀመሪያውን ስፍራ ይይዛል፤ የጎመን ወገን ቅጠል ተቀቅሎ በ100 ግራም ከ100 ሚሊግራም የሚበልጥ ካልሲየም ሲሰጥ፥ ሰውነትም በደኅና ይቀበለዋል። ቆስጣ በአንጻሩ ካልሲየም ቢኖረውም ኦክሳሊክ የሚባለው አሲድ አስሮ ስለሚይዘው ሰውነት የሚያገኘው ጥቂቱን ነው። የጤፍ ዱቄት በ100 ግራም 180 ሚሊግራም ያህል በመያዝ ከስንዴ ዱቄት ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ሊጡም ሲቦካ ማዕድኖቹን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት ስለሚቀንስ ይበልጥ ይጠቅማል። ሰሊጥ ከነልባሱ ሲበላ እጅግ ብዙ ካልሲየም አለው፤ ከዚያ ውስጥ ግን ሰውነት የሚወስደው ከፊሉን ብቻ ሲሆን፥ ልባሱ ከተላጠ አብዛኛው ይጠፋል። ከነአጥንቱ የሚበላ ትንንሽ ዓሣም ለሚመገበው ሰው መልካም ነው። የተልባና የሱፍ መጠጥ ለጤና የሚስማማ ሆኖ ሳለ፥ በካልሲየም ረገድ በብርጭቆ መጠን ወተትን አይተካም። ለፕሮቲኑ ግን ሽሮ፥ ምስርና ባቄላ ሞልተውልናል።

በካርቶን ታሽገው ስለሚሸጡት የአኩሪ አተር፥ የአጃና የለውዝ «ወተቶች» አንድ ቃል እንጨምር። ፋብሪካው ካልሲየም ካልጨመረባቸው በቀር አጥንትን በመገንባት ከወተት ጋር አይወዳደሩም፤ ስለዚህ ገዢው በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሊያነብ ይገባዋል። የተጨመረውም ካልሲየም ወደ ታች ስለሚዘቅጥ ከመጠጣቱ በፊት መናጥ አለበት። በፕሮቲን ወተትን የሚስተካከለው የአኩሪ አተሩ ሲሆን፥ የለውዙ እጅግ አነስተኛ ነው። ዋጋቸውም ለብዙው ቤተ ሰብ ከባድ ነው። በየሳምንቱ ለእነርሱ የሚወጣው ገንዘብ፥ አንድ ጊዜ ለሐኪም ምርመራ ቢውል የበለጠ እንደሚጠቅም አያጠራጥርም።

ወተት የሚጠጣ ሁሉ ደግሞ አፍልቶ ይጠጣ። ያልፈላ ወተት የከብት ነቀርሳንና ብሩሴሎሲስ የሚባለውን ትኩሳት ወደ ሰው ያስተላልፋል፤ ወተቱን ማርጋት ብቻውንም እነዚህን ጀርሞች ፈጽሞ ለማጥፋት አይታመንበትም። ነቀርሳ በሴት ማሕፀንና በማሕፀን ቱቦዎች ላይ ሲያርፍ የሆድ ሥቃይንና መካንነትን ስለሚያመጣ፥ ኢንዶሜትሪዮሲስን መስሎ ሊታይ ይችላል። የማያቋርጥ የታችኛው ሆድ ሕመም በሐኪም ሊመረመር የሚገባበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ምግብን መፈተን የፈለገች ሴት እንደሚከተለው ብታደርግ መልካም ነው። መድኃኒቷን አታቋርጥ። ለ4 ሳምንት ያህል ወተትን ብቻ ትታ ሌላውን ምግቧን አትለውጥ፤ የሆድ መነፋትን፥ ተቅማጥንና የወር አበባ ሕመምን ለየብቻ በየቀኑ ትጻፍ። ከዚያም ወተቱን ትመልስ። የተመለሰው የሆድ መነፋት ከሆነ ምክንያቱ ላክቶስ መሆኑን ትጠርጥር፤ በእርጎም ትሞክር። ምንም ለውጥ ካላየች ወተትን ያለ ጥርጣሬ ትጠጣ። ልጃገረድ ከሆነች ይህ ሁሉ በጤና ባለሙያ ምክር ይሁን።

በመጨረሻ ቃላችንን ወደ መምህራን እንመልሳለን። ከዓለም ጤና ድርጅት በተገኘው ማስረጃ መሠረት፥ ብዙ ሴቶች ሕመማቸው ስሙ ተለይቶ እስኪታወቅ ድረስ ከ4 እስከ 12 ዓመት ይጠብቃሉ። የዚህ መዘግየት መጀመሪያ ብዙ ጊዜ በትምህርት ቤት ዘመን ነው። የመቅረት መዝገብ በመምህሩ እጅ ነው፤ አንዲት ተማሪ በየወሩ በተመሳሳይ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ቀን የምትቀር መሆኗን ከመምህሯ በፊት የሚያውቅ የለም። እንዲህ ያለችውን ልጅ ሰነፍ ከማለት ይልቅ፥ በሴት መምህርት በኩል በስውርና በርኅራኄ ጠይቆ ከወላጆቿ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ማድረግ ይገባል። በዚያም እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችና የሆርሞን መድኃኒቶች ሊታዘዙላት፥ ባስፈለገም ጊዜ ወደ ሆስፒታል ልትላክ ትችላለች።

«ሴት ሆነሽ መታገሥ ነው»፥ «ስታገቢ ይተውሻል»፥ «ስትወልጂ ይሻልሻል» የሚሉት ቃላትም ከትምህርት ቤትና ከቤት ይወገዱ። ጋብቻም ሆነ እርግዝና ለዚህ ሕመም መድኃኒት አይደለም፤ በዚህ ተስፋ ትምህርቷን ትታ የተዳረች ልጅ ሕመሟን ይዛ ትሄዳለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላልና፥ ሕመሟን እንድትናገር እንፍቀድላት።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ወተቱ ፈልቶ በገበታው ላይ ይቈይ፤ ሆዷን የሚያውካት ከሆነ እርጎው፥ ጎመኑና የሰሊጡ ምግብ በምትኩ ይቅረብ። ከማዕድ ላይ አንድ ብርጭቆ በማንሣት ግዴታችንን የፈጸምን አይምሰለን። በየወሩ ከአልጋ የምትውል ልጅ የሚያስፈልጋት የሚያምናት ሰውና የሚመረምራት ሐኪም ነው።